ለ120 ሜትር የጠጠር መግቢያ የትኛው የበረዶ መጥረጊያ? ለአንድ የትራክተር ባለቤት የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው፦ «ባለፈው ሚያዝያ ከሚኒያፖሊስ ወጣ ብሎ በራይት ካውንቲ የገጠር ቤት ገዛን። ከካውንቲው መንገድ እስከ ጋራዡ 120 ሜትር የጠጠር መግቢያ አለው፤ በሰሜን ምዕራብ በኩል የተንጣለለ የበቆሎ እርሻ ነው። ባለ33 የፈረስ ጉልበት ትራክተር ገዝቻለሁ። በአራቱም ጎማ ይነዳል፣ ካምቢዮው ሃይድሮስታቲክ (በዘይት ግፊት የሚሠራ) ነው፣ ካቢን የለውም፣ ከፊት ሎደር የሚሉት ማንሻ ክንድና ባኬት የሚሉት ማፈሻ አለው። ባለቤቴ ነርስ ስለሆነች ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል ከቤት መውጣት አለባት። ጎረቤቴ ሎደሩ ላይ የሚገጠም ሰፊ ምላጭ (በረዶ የሚገፋ ብረት) ግዛ ይለኛል። 6 ሺህ ዶላር መድቤያለሁ። ምን ልግዛ?»

ጤና ይስጥልኝ። በአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት ትራክተርና ተቀጥላ መሣሪያዎቹን መጠገን ከጀመርኩ 18 ክረምት አልፎኛል። ምላሼን አስቀድሜ ልንገርዎ፦ ሎደሩ ላይ የሚገጠመውን ምላጭ አይግዙ። ከኋላ፣ በባለሦስት ነጥብ ማያያዣው ላይ የሚገጠም፣ 152 ሴንቲሜትር ስፋት ያለው በረዶ ወርዋሪ ይግዙ። ያለዎትን ባኬት ያቆዩት። ከሚተርፈው ገንዘብ ለኋላ ጎማዎች ሰንሰለት ይግዙ። ጎረቤትዎ ተሳስተዋል ማለቴ አይደለም፤ መግቢያቸው አጭርና በዛፍ የተከለለ ከሆነ ምላጩ ለእርሳቸው ትክክለኛ መሣሪያ ነው። የእርስዎ ቦታ ግን ሌላ ነው።

በአማርኛ በረዶ የምንለው ስንት ነገር እንደሚይዝ እዚህ አገር እስክመጣ ድረስ አላሰብኩበትም ነበር። ገብስ የሚያረግፈውም በረዶ ነው፣ ብርጭቆ ውስጥ የሚገባውም በረዶ ነው፣ ከሰማይ እንደ ባዘቶ ተበጥሶ የሚወርደውም በረዶ ነው። መሣሪያ ለሚመርጥ ሰው ግን እነዚህ ሦስቱ የተለያዩ ናቸው፤ ባዘቶ መሳዩ ራሱም አንድ ዓይነት አይደለም። በጥር ብርድ የሚወርደው ደረቅ በረዶ አንድ ሜትር ኩቡ 80 ኪሎ ግራም አካባቢ ሊመዝን ይችላል። በመጋቢት የሚወርደው እርጥቡ፣ ወይም ወርዶ የሰነበተውና የተጫነው፣ 300 ኪሎና ከዚያም በላይ ይደርሳል።

አሁን የእርስዎን መግቢያ እናስላ። 120 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋት፣ 20 ሴንቲሜትር በረዶ። ይህ 96 ሜትር ኩብ ነው። ደረቅ ከሆነ ወደ 8 ቶን፣ እርጥብ ከሆነ ወደ 29 ቶን ይመዝናል። የባኬትዎ አንድ ሙሌት ሩብ ሜትር ኩብ ያህል ነው እንበል፤ በረዶው ባኬቱ ውስጥ ተጨቁኖ በግማሽ ቢያንስ እንኳ ወደ 190 ጊዜ መመላለስ ይኖርብዎታል። ባኬቱ ብቻውን የማይበቃው ለዚህ ነው። እንግዲህ ይህን ሁሉ ክብደት ከመንገዱ ከማንሳትዎ በፊት የት እንደሚያደርሱት ማወቅ አለብዎት። የመሣሪያው ምርጫ የሚወለደው ከዚያ መልስ ነው።

ምላጭ በረዶውን አያጠፋውም፤ ወደ ጎን ያስጠጋዋል። በኅዳር የመጀመሪያው በረዶ ሲጥል ይህ ደስ ይላል፤ 120 ሜትሩን በሩብ ሰዓት ይጨርሳሉ። በታኅሣሥ ግን በግራና በቀኝ የተቆለለው ይጠጥራል፣ እንደ ድንጋይ ካብ ይሆናል። የሚቀጥለውን በረዶ ወደዚያ ሲገፉት የሚሄድበት ቦታ የለውም። መግቢያው ከ4 ሜትር ወደ 3፣ ከ3 ወደ 2 ተኩል ይጠባል። የሚኒያፖሊስ የዓመት አማካይ በረዶ 130 ሴንቲሜትር አካባቢ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2022 እና 2023 መካከል በነበረው ክረምት ግን 229 ሴንቲሜትር ወርዷል። በዚያ ክረምት በየካቲት ወር ስልኬ ያለማቋረጥ ይጮህ ነበር፤ የሚደውሉልኝም አብዛኞቹ ምላጭ የነበራቸውና ቦታ ያለቀባቸው ሰዎች ነበሩ።

ከዚህ የሚብሰው ነፋሱ ነው። ከሰሜን ምዕራብ ከሚመጣው ነፋስ የሚከልልዎ ነገር የለም፤ በቆሎው ከታጨደ በኋላ እርሻው ጠረጴዛ ነው። ነፋስ በረዶን መሬት ለመሬት እየነዳ ይመጣና ፍጥነቱ በሚቀንስበት ቦታ ይጥለዋል። ፍጥነቱ የሚቀንሰው ደግሞ ከማንኛውም ከፍ ያለ ነገር ጀርባ ነው። በምላጭ የሠሩት 60 ሴንቲሜትር ካብ ለነፋሱ ይኸው ከፍ ያለ ነገር ነው። ጀርባው ላይ ያለው ጎድጓዳ ቦታ የእርስዎ መግቢያ ነው። ከሰማይ አንዲት ብናኝ ሳትወርድ ማለዳ ተነሥተው መግቢያው እስከ ጠርዙ ሞልቶ ያገኙታል። በዚህ የተነሣ «ትናንት ጠርጌው ነበር እኮ» ብለው ተስፋ የቆረጡ ሰዎች ብዙ አይቻለሁ። ጥፋቱ የጉልበታቸው አልነበረም፤ ራሳቸው የሠሩት ካብ ነው ወጥመድ የሆነባቸው።

በረዶ ወርዋሪ ካብ አይሠራም። ጠመዝማዛው ሰብሳቢ በረዶውን ወደ መሐል ያመጣዋል፣ ከኋላው ያለው ማራገቢያ በአንገቱ (በመወርወሪያ ቱቦው) በኩል 6 ሜትር፣ 9 ሜትር አርቆ ይበትነዋል። ሁልጊዜ ነፋሱ ወደሚሄድበት፣ ማለትም ወደ ደቡብ ምሥራቅ ይወርውሩ። የመንገዱ ጠርዝ ከሜዳው ጋር እኩል ሆኖ ይቆያል፣ ነፋሱም በላዩ ያልፋል። ለተጋለጠ ረጅም መግቢያ ወርዋሪን የምመርጠው በዚህ ምክንያት ነው። ከምላጭ ይዘገያል፤ ሩብ ሰዓት የነበረው ከግማሽ ሰዓት በላይ ይሆናል። ይህን መዘግየት በየካቲት ወር ይመሰገኑበታል።

ሎደር ላይ የሚገጠም ምላጭን የምፈራበት ሌላም ምክንያት አለ። የሎደር ክንድ የተሠራው ወደ ላይ ለማንሳት ነው፤ በአንድ ጥግ በኩል የሚመጣን ግጭት ለመሸከም አይደለም። ሁለት ሜትር የሚሰፋ ምላጭ ጥጉ ላይ ከጠጠረ ነገር ጋር ሲጋጭ፣ ያ ሁለት ሜትር ክንዱን የሚጠመዝዝ ማንሻ ይሆናል። አንድ ደንበኛ በደረቅ በረዶ ውስጥ ተደብቆ የቆየን የኮንክሪት ጠርዝ በእርምጃ ፍጥነት ገጭተው የግራው ክንድ ተጣሞ መጥተውልኛል። ምላጩ ወደ ኋላ የሚታጠፍበት ስፕሪንግ ነበረው፤ ጥጉ ሲመታ ግን ስፕሪንጉ አልደረሰለትም። ለጥገናው የከፈሉት ገንዘብ ከምላጩ ዋጋ በለጠ። ለግፊት ብቻ የሚሠሩ ምላጮች ከትራክተሩ ሻሲ ሥር በተዘረጋ ብረት ላይ ነው የሚታሰሩት፤ እነዚያ ጠንካራ ናቸው፣ ግን ሎደሩን አውልቀው ነው የሚገጥሟቸው። ባኬቱ ደግሞ ያስፈልግዎታል።

ሦስተኛው የክብደት ጉዳይ ነው። ከፊት አክሰሉ ወደፊት የተንጠለጠለ ነገር ሁሉ የኋላ ጎማዎችን ያቀልላል። በበረዶ ላይ ትራክተሩን የሚገፋው ግን በዋናነት የኋላው ክብደት ነው። ከኋላ የሚገጠመው ወርዋሪ ክብደቱ ራሱ በኋላ ጎማዎች ላይ ያርፋል፤ ሥራ እየሠራ ሚዛን ይጠብቃል። ለምላጩ ቢሄዱ ኖሮ ከኋላ የሚንጠለጠል የክብደት ሣጥን ሌላ ወጪ ይሆንብዎት ነበር።

ሌሎቹን ምርጫዎች ባጭሩ ልለፍ። ከኋላ የሚጎተተው የግሬደር ዓይነት ምላጭ ከሁሉም ርካሹ ነው፤ ያገለገለ ካገኙና ከባድ ከሆነ ለበጋ የጠጠር ሥራም ይጠቅማልና አልቃወምም፣ ነገር ግን የካቡን ችግር አይፈታም። ስፋቱን ሲያስቡም በ30 ዲግሪ ሲያዘነብሉት ባለ183 ሴንቲሜትሩ የሚጠርገው 158 ብቻ መሆኑን አይርሱ። ሦስት ጎን ያለው የመግፊያ ሣጥን የመኪና ማቆሚያ ሜዳ ላላቸው ሰዎች ነው። ከፊት የሚገጠም በረዶ ወርዋሪ ደግሞ በእውነት ከሁሉም የሚመቸው ነው፤ ፊትዎን ወደ ሥራው አድርገው ይነዳሉ። ሆኖም ከትራክተሩ ሆድ ሥር የሚወጣ የጉልበት ዘንግ (የሞተሩን ጉልበት ለተቀጥላ መሣሪያ የሚያደርስ)፣ የመገጣጠሚያ ብረትና የሃይድሮሊክ መስመር ስለሚፈልግ ሁሉም ተደምሮ ከ6 ሺህ ዶላርዎ በላይ መሄዱ አይቀርም፤ ሎደሩንም ያስወልቅዎታል።

ስለ ስፋቱ 152 ያልኩት በግምት አይደለም። ትራክተርዎ 33 የፈረስ ጉልበት ይበል እንጂ ያ የሞተሩ ነው። ከኋላ ባለው የጉልበት ዘንግ፣ ፒቲኦ በሚሉት ላይ የሚደርሰው ሃይድሮስታቲክ ካምቢዮው የራሱን ከወሰደ በኋላ 25 አካባቢ ይሆናል። የእኛ የሙያ ልምድ ለእያንዳንዱ 30 ሴንቲሜትር ስፋት 5 የፈረስ ጉልበት ይላል፤ 25ቱ 150 ሴንቲሜትር ይሰጥዎታል። ሻጩ «በተመሳሳይ ዋጋ 183 ሴንቲሜትር አለኝ» ቢልዎ አይቀበሉት። ጉልበት ያነሰው ሰፊ ወርዋሪ በእርጥብ በረዶ ይታፈናል፣ አንገቱ ይደፈናል፣ የሚወረውረውም ሁለት ሜትር ብቻ ይሆናል። በተቃራኒው ደግሞ ከጎማዎቹ ውጫዊ ጠርዝ የጠበበ ከሆነ ያልተጠረገ በረዶ እየረገጡ ይሄዳሉ። ስለዚህ ከመግዛትዎ በፊት ከቀኙ ጎማ ውጫዊ ጠርዝ እስከ ግራው ድረስ በሜትር ይለኩ፤ 145 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ 152ቱ ልክ ነው። ሰንሰለት የጎማውን ስፋት ስለሚጨምር እርሱንም ያስቡ።

ካምቢዮዎ ሃይድሮስታቲክ መሆኑ ትልቅ ዕድል ነው። ወርዋሪ የሚፈልገው የጉልበት ዘንጉ በደቂቃ 540 ጊዜ ሳይዛነፍ እየዞረ፣ ትራክተሩ ግን እንደ ኤሊ እንዲጓዝ ነው። በድሮዎቹ ትራክተሮች ፍሪሲዮን ሲረግጡ ዘንጉም አብሮ ይቆም ስለነበር ለዚህ ሥራ መከራ ነበሩ። የእርስዎን ሞተር ዘንጉ 540 በሚደርስበት ዙር ላይ ያድርጉትና ፍጥነትዎን በእግር መርገጫው ብቻ ይቆጣጠሩ። ብዙ አዲስ ሰው በረዶው ሲከብደው የሞተሩን ዙር ይቀንሳል፤ መቀነስ ያለበት የጉዞው ፍጥነት ነው።

ከወርዋሪው ጋር የሚመጣው ካርዳን፣ ማለትም የትራክተሩን የጉልበት ዘንግ ከወርዋሪው ጋር የሚያገናኘው ዘንግ፣ ብዙ ጊዜ ከሚያስፈልገው ይረዝማል። ሳይለኩ ከገጠሙት፣ ወርዋሪውን ሲያነሡ ዘንጉ መጨረሻው ድረስ ተገፍቶ የትራክተሩን የኋላ ጊርቦክስ ይመታል። አንዱ በሌላው ውስጥ የሚገቡት ሁለቱም ቱቦዎቹ እኩል መቆረጥ አለባቸው፤ የሸጠልዎ ቤት ይሥራልዎት። ዘንጉ ላይ ያለው የፕላስቲክ መከለያም ተሰንጥቆ ከሆነ አዲስ ሳያስገቡ አይጀምሩ።

የዚህ መሣሪያ ጉድለት አንገት የሚያሳምም መሆኑ ነው። ወደ ኋላ እየነዱ፣ ወደ ኋላ እየተመለከቱ 120 ሜትር መሄድ ቀላል አይደለም፤ የአንገት ሕመም ካለብዎት ሐሳቤን እቀይራለሁ። ያኔ ትራክተሩ ወደፊት እየሄደ የሚጎትተው፣ አፉ ወደ ፊት የዞረ ወርዋሪ አለ። የእርሱ ጉድለት ጎማዎቹ በረዶውን ከረገጡት በኋላ ነው የሚያነሣው። ካቢን ስለሌለዎትም የፊት መከለያ መነጽርና ወፍራም ኮፍያ ያስፈልጋል። ትራክተሩን ማታ ሲያቆሙት አፍንጫውን ወደ ጋራዡ ውስጥ፣ ወርዋሪውን ወደ በሩ አድርጉት። ማለዳ በሩን ሲከፍቱ በረዶው ከወርዋሪው ፊት ይጠብቅዎታል፤ አዲሱን በረዶ ሳይረግጡ ሥራ ይጀምራሉ።

ስለ ጎማ ብዙ ሰው አይጠይቀኝም፤ እኔ ግን ከመሣሪያው እኩል አየዋለሁ። አዳዲስ ትራክተሮች አብዛኛውን ጊዜ የሚመጡት በወፍራም ጥርስ የኢንዱስትሪ ጎማ ነው። እሾህና ድንጋይ ይችላል፣ በብርድ ግን ጎማው ይደድራል፤ በጠጠረ በረዶ ላይ እንደ ሳሙና ይንሸራተታል። አራቱም ጎማ መንዳቱ ይረዳል፣ ጎማዎቹ መያዣ ካጡ ግን ብቻውን አይበቃም። ለኋላ ሁለቱ ጎማዎች በየሁለት ቀለበቱ ብረት የሚያልፍበት ሰንሰለት ይግዙ፤ በየአራት ቀለበቱ የሆነው ይረክሳል፣ ነገር ግን ጎማው በጥርሶቹ መካከል ባዶ ቦታ ላይ ሲያርፍ ይንሸራተታል። ከማዘዝዎ በፊት በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ስንት ጣት እንደሚገባ ይመልከቱ። ከጋራዡ ፊት ኮንክሪት ካለ ሾጣጣ ጥርስ ያላቸውን ሰንሰለቶች አይውሰዱ፤ ይፈለፍሉታል።

ተጨማሪ ክብደት ከፈለጉ የኋላ ጎማዎችን እስከ ሦስት አራተኛቸው በፈሳሽ ማስሞላት ይቻላል። ንጹሕ ውኃ ግን በፍጹም አይሁን፤ ይጠጥራል። እዚህ የሚወደደው የቀይ ሥር ዘመድ ከሆነው፣ ስኳር ከሚመረትበት ተክል የሚገኘው ጭማቂ ነው፤ ከባድ ነው፣ ቸርኬም አያዝግም።

አሁን ወደ ጠጠሩ። የመጀመሪያውን 5 ሴንቲሜትር በረዶ አይጥረጉት። መኪናዎቻችሁ ይርገጡት፣ ይጠጥር። ያ ንጣፍ እስከ መጋቢት ድረስ ወለልዎ ነው። ከዚያ በኋላ የወርዋሪው የታች ጠርዝ ከመሬት 2 ሴንቲሜትር ተኩል ያህል ከፍ እንዲል የጎን ጫማዎቹን (በመሬት ላይ የሚንሸራተቱትን ብረቶች) ያስተካክሉ። ይህን ያላደረገ ሰው ጠጠሩን ከበረዶው ጋር ወስዶ ይወረውራል፤ ከአንገቱ የወጣ ጠጠር መስኮት ይሰብራል፣ ዓይን ያጠፋል። የወርዋሪውን አንገት ወደ ቤት፣ ወደ መኪና፣ ወደ ሰው አቅጣጫ አያዙሩት፤ በረዶው ንጹሕ ቢመስልም።

በመግቢያው መጨረሻ የካውንቲው ጠራጊ መኪና የሚተውልዎ ጉብታ ሌላ ፍጥረት ነው። ጨው፣ ጭቃና የበረዶ ቋጥኝ የተደባለቀበት ነው፤ በወርዋሪ ከገቡበት ተቆራጭ ብሎኖችን ይበላል። ባኬቱን ያቆዩት ያልኩት ለዚህ ነው። በባኬቱ ሰባብረው ያንሱት፣ ወደ መንገዱ ፊትዎን አዙረው ሲቆሙ በቀኝዎ ይከምሩት። ጊዜ ካለዎት ደግሞ በግራዎ በኩል፣ ከመግቢያው ቀድሞ ባለው የመንገድ ዳር፣ ጥቂት ሜትር ባዶ ኪስ ይክፈቱ። ጠራጊው የሚመጣው ከግራዎ ስለሆነ የተሸከመውን አብዛኛውን በዚያ ኪስ ውስጥ ያራግፈዋል። በረዶውን መንገዱን አሻግሮ መግፋት ወይም መንገድ ላይ መተው ግን በሚኒሶታ ሕግ ያስቀጣል፤ በሌሊት ለሚያልፍ ሰው የመገልበጥ አደጋም ነው። ባኬቱ ለጋራዡ በርም ይጠቅማል፤ ጠርዙን ከበሩ ሥር አሳርፈው ወደ ኋላ እየጎተቱ በረዶውን ወደ ሜዳው ካወጡት በኋላ በወርዋሪው ይጨርሱታል።

ስለ ተቆራጭ ብሎን አንድ ነገር ልጨምር። ይህ ብሎን እንዲሰበር ነው የተሠራው፤ ድንጋይ ወይም የተረሳ የውኃ ጎማ ሲገባ እርሱ ተቆርጦ ጊርቦክሱን ያድናል። ሲቆረጥ የሚያናድድ ነው፣ በተለይ በሌሊት። ስለዚህ ሰዎች ከሣጥናቸው ጠንከር ያለ ብሎን ፈልገው ያስገባሉ። ቀጥሎ የሚሰበረው ጊርቦክሱ ነው። አሥር ትክክለኛ ብሎኖች ከነመፍቻቸው በትራክተሩ የዕቃ ሣጥን ይኑሩ።

አንገቱ ሲደፈን ደግሞ፣ እባክዎ ይህን ለቤተሰብዎም ያስረዱልኝ፣ እጅ አይገባም። የጉልበት ዘንጉን ያጥፉ፣ ሞተሩን ያጥፉ፣ ቁልፉን ኪስዎ ይክተቱ፣ ማራገቢያው መቆሙን በዓይንዎ አይተው በእንጨት ይጥረጉ። ጓንት ለብሶ ቢሆንም፣ «አንድ ሰከንድ ብቻ» ቢሆንም። ሦስት ጣቶቹን በዚህ ምክንያት ያጣ ሰው አብሮኝ ሠርቷል፤ ከእኔ የተሻለ መካኒክ ነበር።

የባለቤትዎ ሰዓት ያሳስበኛል። 11 ሰዓት ተኩል ለመውጣት እርስዎ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ትራክተሩ ላይ መሆን አለብዎት። በዚያ ሰዓት ብርዱ ከዜሮ በታች 25 ሊሆን ይችላል፤ ተራ ናፍጣ ሰም ሠርቶ ማጣሪያውን ይዘጋል። ከኅዳር ጀምሮ የክረምት ናፍጣ ብቻ ይቅዱ። ሞተሩ ላይ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማሞቂያ ያስገጥሙና በሰዓት መቆጣጠሪያ ከ8 ሰዓት ተኩል ጀምሮ እንዲሞቅ ያድርጉት። ከተነሣም በኋላ አሥር ደቂቃ ይታገሡት፤ የሃይድሮሊክ ዘይቱ በብርድ እንደ ማር ይሆናል፣ ካምቢዮውም የሚሠራው በዚያው ዘይት ነው።

ገንዘብ ከተረፈዎት ነፋሱን ራሱን ይቀንሱት። 1 ሜትር ከ20 ከፍታ ያለው፣ ግማሹ ክፍት ግማሹ ዝግ የሆነ የበረዶ አጥር፣ ከጀርባው የሚጥለው ክምር እስከ ከፍታው 35 እጥፍ፣ ማለትም ወደ 42 ሜትር ይረዝማል። ስለዚህ ከመግቢያው ቢያንስ ያን ያህል ርቆ ይተከላል፤ ቀርቦ ከተተከለ በረዶውን መንገዱ ላይ ያራግፋል። መሬቱ የእርስዎ ካልሆነ የእርሻውን ባለቤት ያነጋግሩ። የሚኒሶታ የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት በአውራ ጎዳናዎች ዳር ገበሬዎች ጥቂት ረድፍ በቆሎ ሳያጭዱ እንዲተዉ እየከፈላቸው መንገድ ያስጠብቃል። እርስዎም ከአጨዳው በፊት በዋጋ ቢስማሙ፣ ጥቂት ረድፍ የቆመ በቆሎ ከብዙ ሌሊት ሥራ ያሳርፍዎታል።

መሬቱ ሳይጠጥር፣ ቢዘገይ እስከ ጥቅምት መጨረሻ፣ የመግቢያውን ሁለት ጠርዝ በየ6 ሜትሩ በረጅም ቀለም የተቀባ ዘንግ ምልክት ያድርጉበት። እ.ኤ.አ. በ1991 ጥቅምት 31 ቀን የጀመረው ማዕበል በሚኒያፖሊስ 72 ሴንቲሜትር ጥሎ ነው ያቆመው፤ ክረምቱ ሁልጊዜ ቀጠሮ አያከብርም። የጎማዎቹን ስፋትና በትራክተሩ መመሪያ መጽሐፍ ላይ የተጻፈውን የፒቲኦ ጉልበት ቁጥር ይላኩልኝ፤ 22 እና ከዚያ በታች ከሆነ ከ152ቱ ወደ 137 ሴንቲሜትር እንወርዳለን፤ የጎማው ስፋት ደግሞ ያንን መፍቀዱን አብረን እናያለን።